የኮሶዬው ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ካለ አንድ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ በቴሌቪዥን አንድ ሽማግሌ ሲሸለም አየሁ። «የጥንታዊ ሥዕል ሊቅ» አሉት። ካባ ደረቡለትና የጎንደርን የቀደመና የኋለኛ ዘመን ሥዕል ልዩነት ይተነትን ጀመር። ማኪያቶውን ሳልጨርስ ተውኩት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አይወጣልኝም።

ያወቅሁት ጎንደር የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ የአብያተ ክርስቲያናትን ሥዕል ሲመዘግብ፣ ማስታወሻ እንድይዝለት እኔ ተመደብኩ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበር ሥዕል ማየትን የተማርኩት ከእሱ ነው። የቀደሙት ሠዓሊዎች ፊትን ያለ ጥላ፣ በወፍራም መስመር ይሥላሉ፤ ከጀርባው ያለውን ባዶ ይተዉታል። የኋለኞቹ ጉንጩን በጥላ ይሞላሉ፣ ልብሱን በአበባ ያስጌጣሉ፣ ጀርባውን ከቢጫ ወደ ቀይ ያሸጋግሩታል። ይህን ገና በልጅነቴ ለይቼ አውቅ ነበር።

በጥቅምት ከጎንደር ከተማ በላይ ወዳለችው ደጋ፣ ወደ ኮሶዬ ወጣን። የባቄላ እሸት የደረሰበት ጊዜ ነው። መንገድ ዳር ካለች ቤት ትኩስ ድንች በአዋዜ ቀረበልን። እሱ ድንቹን በመሐረብ ይዞ፣ «እዚህ አገር ሹካ የለም?» አለ። ብርዱንም፣ ጭቃውንም፣ ሰዉንም እንደ ጥፋት ይቆጥር ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈስ ነበር። አስተዳዳሪው፣ አባ ተክሌ የሚባሉ ቀጭን ቄስ፣ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሴቶች መግቢያ በኩል ያለውን፣ ውሃ የነካካውን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕል እንዳለ እናቆየው ወይስ በአዲስ እናሥለው?

ሊቁ ጫማውን ማውለቅ ስለታከተው ከደጁ ላይ ቆሞ አየ።

«ቀለሙ ደማቅ ነው፤ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ሠዓሊው ጥላ መጣል እንኳ አያውቅም። በአዲስ አሥሉት።»

«ምነው ጌታዬ፣» አሉ አባ ተክሌ ቀስ ብለው፣ «አያቶቻችንም እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኙት።»

«ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይላል» አለና ሰዓቱን አየ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «የሠዓሊው ልጅ ነሽ አሉኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ገብቼ፣ ቀርቤ አይቼዋለሁ። ባዶ ጀርባ፣ ወፍራም መስመር፣ ጥላ የሌለው ፊት። እሱ ድክመት ብሎ የቆጠረው የቀደመው ዘመን መታወቂያ ነበር። ግን ሊቁ ለትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

«እሳቸው ያሉት ነው» አልኩ።

ደብዳቤው ተጻፈልኝ። ለፋሲካ ወደ ኮሶዬ ስመለስ ግድግዳው በዘይት ቀለም ተሸፍኖ፣ የመላእክቱ ጉንጭ ቀልቶ፣ እንደ ከረሜላ ወረቀት ያብለጨልጫል። አባ ተክሌ በሩን ከፍተው ከጎኔ ቆሙ። «ያላችሁንን አደረግን፣ ልጄ» አሉ።

ዛሬ የሥዕል ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ቀደመው ዘመን ሳስረዳ ያን ግድግዳ ሳልጠቅስ አላልፍም። የት እንደሚገኝ ሲጠይቁኝ፣ ጫማውን ያላወለቀ ሊቅ አስጠፋው እያልኩ ተማሪ ሳስቅ ኖሬአለሁ። እሱን በቴሌቪዥን ባየሁት ማግስትም ጥያቄው መጣ፤ ሳቁ ግን አልመጣልኝም። እሱ ባለማወቁ የሚናቅ ከሆነ፣ እያወቀ የተስማማ ሰው ምን ሊባል ነው?

«ማን ነው ያስጠፋው?» አለች አንዲት ተማሪ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።