እህል የተወች ጥንቸል

አዴ ድርቤ በነቀምቴ ከተማ ልብስ በመስፋት የምትተዳደር፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ሴት ነበረች። የሚሲዮኑ ነርስ ወደ አገሯ ስዊድን ስትመለስ ከዚያው ያመጣቻትን አንዲት ነጭ ጥንቸል አደራ ብላ ሰጠቻት። ድርቤም አደራውን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀች።

በክረምቱ አጋማሽ ጥንቸሏ እህል ተወች። አገጯ በለሃጭ ራሰ፤ ጎኗ ጎደጎደ። ድርቤ ታቅፋት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሮጥ የጤና ረዳቱ ሳቀባት።

«አዴ፣ እኔ የሰው እንጂ የአውሬ ሐኪም ነኝ? የከብት ሐኪሙ ሲሬ ከተማ በሬ እየከተበ ነው፤ ዛሬ ጨርሶ ይነሣል።»

ለቤቷ ክዳን ቆርቆሮ መግዣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በጭነት መኪና ተሳፈረች። መኪናው በጭቃ በተያዘ ቁጥር «ሐኪሙ ቢሄድስ?» ትል ነበር። እጇን ከጥንቸሏ ደረት ላይ አላነሣችም።

ሲሬ ስትደርስ ሐኪሙ ዕቃውን ያስጭናል። በሬ ያስከተቡ ገበሬዎች ከበቧት።

«አዴ፣ ቀንድ የሌላት ላም ይዘሽ መጣሽ? ስንት ጣሳ ትታለባለች?» አለ ኩማ የተባለው።

ሐኪሙ ግን የጥንቸሏን አፍ ከፍቶ አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«እትዬ፣ ምን ያበሏታል?»

«ገንፎ፣ በቅቤ። ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ እንዴት ሣር አበላለሁ? ነውር አይደለም?»

«በገንፎ ሊገድሏት ነው! የጥንቸል ጥርስ ማደጉን አያቆምም። ሣር እየቆረጠመች ካልሞረደችው አፏን ይዘጋባታል።»

«እኔ ነኛ የገደልኳት!» አለች ድርቤ።

ሐኪሙ በመቁረጫ የረዘመውን ጥርስ ቀነጠበ።

«የበሬ ክትባት በመንግሥት ነው፤ ለጥንቸል ግን የታዘዘልኝ የለም። የድካሜን ይከፍላሉ» አለ።

ድርቤ ቋጠሮዋን ፈታች። ከቆርቆሮው ገንዘብ የተረፈው መሳፈሪያ ብቻ ነበር።

«ትድናለች?»

«ሣር ከበላች።»

ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ ሰርዶ አቀረበችላት። ጥንቸሏ ፊቷን አዞረች። የነቀምቴው መኪና ጡሩንባውን ነፋ።

«የመጨረሻው ነው! አዴ፣ አትሄጂም?» አለ ሾፌሩ።

ብትሳፈር በመኪናው ግፊያ እንዴት ታበላታለች? ሰርዶውን እንደገና አስጠጋችላት። መኪናው ትቷት ሄደ። ያሾፉባት ገበሬዎችም አብረዋት ቁጢጥ ብለው ይመለከቱ ጀመር። ጥንቸሏ አፍንጫዋን አርገበገበች፤ የሰርዶውንም ጫፍ ነክሳ፣ ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ሳበችው።