ለቪዲዮ የተላክንበት ሽምግልና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ንዴቱ ግን አላለፈም። ባለቤቴ "ጻፈውና ይውጣልህ" ስላለችኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። እንደሚወጣልኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

የምኖረው ሰበታ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰፈር ውስጥ የምታወቀው ግን በሥራዬ ሳይሆን በሽምግልና ነው። ልጅ ማስጠየቅ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። ዘጠኝ ትዳር አስጠይቄአለሁ፤ አንዱም አልፈረሰም። ይህን ስል መኩራራቴ ነው፤ አልደብቅም።

ኪሩቤል የሚባል ወጣት ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጠዋት ስንገናኝ "እንዴት አደሩ ጋሼ?" ብሎ ጎንበስ ይላል። ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቀው "ኮንቴንት እሠራለሁ" አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልጠየቅኩም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሱሉልታ ለሊሴ የምትባል ልጅ እንዳለችው፣ ስምንት ወር አብረው እንደቆዩ፣ አባቱ በሕይወት እንደሌለ ነገረኝ። "አባቴ ቢኖር እሱ ሽማግሌ ይልክልኝ ነበር፤ አሁን ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም ጋሼ" አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ እንባ ካየሁ አለቀልኝ። እሺ አልኩት።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። የልጅቷ ቤተሰቦች ኦሮሞ ናቸውና ኦቦ ቶለሳን ለመንኩ። ኦቦ ቶለሳ ተፍኪ አጠገብ የሚያርሱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕርቅ ሲባል እህላቸውን አውድማ ላይ ትተው የሚነሱ ሰው ናቸው። ሦስተኛውን ኪሩቤል ራሱ አመጣ። "አጎቴ ነው፣ ጋሽ መኩሪያ" አለን። ጋሽ መኩሪያ ሽበት ያለው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ትንሽ ዝምተኛ ሰው ነበር። የኮቱን የደረት ኪስ ቶሎ ቶሎ ይነካካል። ልቡን የሚያመው መስሎኝ አዘንኩለት።

ከሰበታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ በታክሲ ሄድን። የለሊሴ አባት ኦቦ ደበላ ላም ያረባሉ፤ ለሊሴ አስፋልቱ ዳር ባለች የእነሱ ሱቅ ወተት ትሸጣለች። ግቢው ከመድረሳችን በፊት ኦቦ ቶለሳ ከመስኩ እርጥብ ሳር ነጭተው ያዙ። በእሳቸው አገር ለልመና የሚመጣ ሽማግሌ ሳር ይዞ ነው የሚገባው።

"አካም ቡልተኒ?" ብለው እንዴት አደራችሁ አሉ በሩ ላይ።

"ነጋ! ኮታ፣ ገላ" አሉ ኦቦ ደበላ፤ ግቡ ማለታቸው ነው።

ገባን፤ ግን አልተቀመጥንም። ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ኦቦ ደበላ ሳሩን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ልጁን ያውቁታል?"

"እንደ ልጄ አውቀዋለሁ" አልኩ።

ይህን ቃል በዘጠኙም ሽምግልና ብያለሁ። ሽማግሌ ሁሉ የሚለው ነው። ስለ ኪሩቤል የማውቀው ግን "እንዴት አደሩ ጋሼ"ን ብቻ ነበር። እናቱ ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኩም። አባት እንደ ወጉ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብለው ቀጠሩን።

በሁለት ሳምንቱ ውስጥ አባት የልጁን ዘር፣ ሥራና ጠባይ ማጣራት ነበረባቸው። አላጣሩም። በኋላ እንደሰማሁት "አንድ ትልቅ ሰው እንደ ልጄ አውቀዋለሁ ካለኝ እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?" ብለው ነው የተዉት።

በቀጠሮው እሑድ ጠዋት ተመለስን። ኪሩቤልም አብሮን መጣና "እኔ ውጭ እጠብቃለሁ፣ ልቤ አልቻለም" አለ። ቤቱ ተጠርጎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፎ ጠበቀን። ኦቦ ቶለሳ እንደገና ሳራቸውን ይዘው ቆሙ።

ኦቦ ደበላ ተነሱና ሳሩን ከእጃቸው ተቀበሉ። "ሰጥተናችኋል" አሉ።

እናትየዋ ከጓዳ እልል አሉ። ልጅ ወልዳ ለዳረች እናት የሚመጣ እልልታ ነው፤ ቤቱን ሞላው። ከአጥር ወዲያ ያሉ ሴቶች ተቀበሏቸው። ወዲያው አራት አምስት ጎረቤት እልል እያሉ ግቢ ገቡ። ለሊሴ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የጓዳው በር ላይ ብቅ አለች። እኔም ዓይኔ እንባ አዘለ። ሽማግሌ የሚከፈለው ይቺን ነገር በማየት ነው።

በዚህ መሀል ኪሩቤል ሁለት እጁን ዘርግቶ ከውጭ ገባ።

"ፕራንክ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ካሜራችን ያውና! ለካሜራው ሰላም በሉ!"

የሚያሳየው የጋሽ መኩሪያን የደረት ኪስ ነበር። ጋሽ መኩሪያ እየሳቀ ስልክ አወጣ። የኪሱ ጨርቅ ለካሜራው የሚሆን ቀዳዳ ነበረው። አጎት ተብዬው አጎት አልነበረም፤ ለስልክ ቪዲዮ አጫጭር ድራማ የሚሠራ ሰው ነበር። ሽበቱ ብቻ ነው እውነቱ።

ፕራንክ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰውን አታሎ እየቀረጹ መሳቅ ነው። እንዲያውም ልናገረው፤ ልጄ በስልኳ ስታሳየኝ ብዙ ጊዜ ስቄአለሁ። አንዴ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በሐሰት እባብ ሲያስደነግጡት አይቼ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ያ ሰውዬ ማታ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ምን ብለው እንደተቀበሉት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም።

እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። ጎረቤቶቹ ያልገባቸው ነገር ስለነበር እርስ በርስ ተያዩ። ለሊሴ ግን አልደነገጠችም፤ ፈገግ አለች። ለምን ፈገግ እንዳለች የገባኝ ኋላ ነው። እሷም እነዚያን ቪዲዮዎች ታያለች። በእነዚያ ቪዲዮዎች መጨረሻ ላይ ልጁ ይንበረከክና ቀለበት ያወጣል። ዓይኗ የኪሩቤልን እጅ ነበር የሚጠብቀው።

እጁ ላይ ምንም አልነበረም።

"ለሊስዬ፣ ሪያክሽንሽ አንደኛ ነው!" አላት። "በቃ ለሳቅ ነው፤ እኔና አንቺ ገና ነን እኮ።"

ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ እንዴት እንደሄደ አየሁ። ባላየው ደስ ይለኝ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ኦቦ ቶለሳ "ሰፉ! ሰፉ!" እያሉ ከዘራቸውን ፍለጋ ግድግዳውን መዳበስ ጀመሩ። ኦሮሞ ነውር፣ ከነውርም በላይ የሆነ ነገር ሲያይ የሚለው ቃል ነው። ኦቦ ደበላ ልጁን ይመቱታል ብዬ ጠበቅኩ። አልመቱትም፤ ፊታቸውን እንኳ ወደ እሱ አላዞሩም። ወደ እኔ መጡ።

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"በልጆቼ ስም! አላወቅኩም።"

"እንደ ልጄ አውቀዋለሁ አላሉኝም?"

ጫማዬን እያየሁ ወደ በሩ ሄድኩ።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ የኪሩቤልን ኮሌታ ያዝኩት። በሕይወቴ ሰው አንቄ አላውቅም። "ምን አጠፋሁ ጋሼ?" ይለኛል። እያፌዘ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የምሩን ነው የሚጠይቀኝ። "ቀድሜ ብነግርዎት እኮ ያስታውቅብዎታል። ሰው የሚወደው እውነተኛውን ስሜት ነው። ዓይንዎ ራሱ እንባ ያዘለው ጊዜ፣ ወላሂ፣ ያምር ነበር!"

ኦቦ ቶለሳ ባይገላግሉን ምን አደርገው እንደነበር አላውቅም።

ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ በቀበሌ እከስሃለሁ ብዬ አስፈራርቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው ወጣ። ኦቦ ቶለሳ ሳር ይዘው የቆሙበት ላይ የሚያንጫጫ ሙዚቃ ገብቷል። እኔ "እንደ ልጄ አውቀዋለሁ" ስል የሳቅ ድምፅ ተደርጎበታል። ስንት ሰው እንዳየው አልቆጠርኩም፤ ፋብሪካው በሙሉ ግን አይቶታል። ዕቃ ሊወስድ የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ስም ሲሞላ "ጋሼ፣ እኔንስ እንደ ልጅዎ ያውቁኛል?" ይለኛል። አለቃዬ ሳይቀር። አንድ ሰው እንኳ "ልጅቷስ?" ብሎ አልጠየቀኝም። አንድ!

ስለ ኪሩቤል ብቻ ቢሆን ንዴቴ ይበርድ ነበር። አንድ ባለጌ ሰፈር አይጠፋም፤ ይወገዛል፣ ያፍራል፣ ያልፋል። ይህ ግን አልተወገዘም። የተመረቀ ያህል አጨበጨቡለት። "ክፍል ሁለት መቼ ነው?" እያሉ ይጽፉለታል። የሚጽፉት ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጡ አይደሉም፤ እናት አባት ያላቸው፣ ነገ ሽማግሌ የሚልኩ፣ ነገ ሽማግሌ የሚላክባቸው የእኛው ልጆች ናቸው።

በወሩ ከኦቦ ቶለሳ ጋር ይቅርታ ልንጠይቅ ሱሉልታ ተመለስን። ኦቦ ደበላ በሩ ላይ ተቀበሉን። ይቅር ብለናል አሉ። ግቡ ግን አላሉንም። ወተቱን ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት እሳቸው ነበሩ፤ ደንበኛው ሁሉ ሊትር ይዞ "ፕራንክ ነው እንዴ?" እያለ ሲያስቸግራት ለሊሴ ቡራዩ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች።

እናትየዋ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው አነጋገሩን።

"የእኔን እልልታ ሰዎች ወስደውታል አሉ" አሉኝ። "የጎረቤት ልጆች አሰሙኝ። አንዱ ውሻ ሲወድቅ ቪዲዮው ላይ ያስገባዋል፣ አንዷ ድስት ሲያርርባት ታስገባዋለች። የእኔ ድምፅ ነው እኮ! ለልጄ ያልኩት ነው። እንግዲህ እውነተኛው ሲመጣ በምን ድምፅ እልል ልበል?"

ኦቦ ቶለሳ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል ደገምኩት። ስደግመው እኔንም አላረካኝም።

ከዚያ ወዲህ ሽምግልና አልሄድኩም። ባለፈው ወር የአንድ ባልደረባዬ ልጅ መጥቶ ለመነኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው ይላሉ። እምቢ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ራሴን ጠላሁት። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያልጠየቅኩት፣ ያላጣራሁት፣ ትልቅ ቃል በአፌ ላይ አቅልዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ ነው፤ ግማሹን ግን ለማንም ብዬ አልተውም።

ይህን የምጽፈው ደግሞ ባለፈው ሳምንት በሆነ ነገር ነው። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በታክሲ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን እያየች ትንፈቀፈቃለች። የእናትየዋ እልልታ ጆሮዬ ገባ። አየሁ፤ እኛው ነን።

በእርጋታ ነበር የተናገርኳት። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ። ቀሚስ ለብሳ የወጣችው ልጅ እውነተኛ ልጅ ናት። እናቷ የምር ነው እልል ያሉት። በዚህ ምክንያት ልጅቷ ሰፈሯን ለቃ ሄዳለች" አልኳት።

ልጅቷ ቀላች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ይቅርታ አባባ፣ ድራማ መስሎኝ ነው፤ በእውነት አላወቅኩም" አለች። ዓይኗ ውስጥ ኀዘን አየሁ። አንድ ሰው እንኳ ገባው ብዬ ደስ አለኝ። "አይዞሽ" ብዬ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ ወረድኩ።

ጥቂት ተራምጄ ዞር አልኩ። ታክሲው ሰው እያወረደ ገና አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ በመስኮቱ ስልኳን አውጥታ፣ እየሳቀች፣ እኔን ትቀርጸኛለች።

ፊቴን በእጄ ሸፍኜ እየሮጥኩ ወደ ሰፈሬ ገባሁ። ያላጠፋ ሰው እንደማይደበቅ አውቃለሁ፤ ግን ተደበቅኩ።