«ተቀመጡ» ያላልኳቸው ሽማግሌዎች

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ እህቴን ለትዳር ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። እኔ ደግሞ የማስበው ስለ ሶፋ ነበር...

መጀመሪያ ስለ ሶፋው ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ ባሕር ዳር ከተዛወረ የመሥሪያ ቤት ሰው ላይ ነው የገዛሁት። እዚሁ ወረታ አስተማሪ ነኝ፤ አዲስ ሶፋ በህልሜም አላየውም። በጋሪ ጭኜ ሳስገባው ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ የግራ እግሩ ወለቀ። ሚስማር መታሁበት፣ ወለቀ። በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት፣ ወለቀ። አናጢ ጠራሁ። ገልብጦ አየውና ሳቀብኝ።

«መምህር፣ ይሄ እኮ እንጨት አይደለም፤ ችፑድ ነው፣ የተጨመቀ ሰጋቱራ። እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ አብጧል። ሚስማሩ ምን ይያዝ?»

የኛን የፎገራን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ቤት ድረስ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወዲህ ሶፋው በብሎኬት ተደግፎ ነው የሚኖረው። በግራ በኩል የሚቀመጥበት የለም። ከሱ ሌላ ያለን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ናት፣ እሷም ጀርባዋ በሽቦ ተሰፍቷል።

ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል እህቴ ትርንጎ «ከጎረቤት አግዳሚ እንዋስ» አለችኝ። እናት አባታችን አርፈዋል። ያሳደግኋት እኔ፣ የምድራትም እኔ ነኝ። ሽማግሌ የሚልክባትን ልጅ ትወደዋለች። ቤተሰቦቹ ይፋግ አካባቢ ያሉ፣ ሩዝና ከብት የሞላቸው ሰዎች ናቸው።

«በተውሶ ወንበር ተቀበሉን እንዲሉሽ ነው? ነገ በምን ዓይን ሊያዩሽ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ኩራት እንበለው... ኧረ እንዲያውም ፍርሃት ነው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከባሕር ዛፍ እግር ስጠርብ ዋልኩ። ብሎኬቱን አውጥቼ ገጠምኩለት፣ ንጹሕ አንሶላ አለበስኩት። ሲታይ ምንም አይልም። ትርንጎ ለሙከራ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ስትል ግን... ቋ! አለ።

«ታዲያ ነገ ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?» አለችኝ።

«እግዜር ያውቃል» አልኳትና ወጣሁ። ደክሞኝ ነበር። ሁለት ዓመት አንድ እግር ስጠግን መኖር ያደክማል።

እሁድ መጡ። ፊት ቄስ ሞላ፣ ከኋላቸው ሁለት ገበሬዎች። አንደኛው በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው፣ ትከሻው ይሄን ያህላል። ትርንጎ ጓዳ ገብታ ተደበቀች።

ሽማግሌ ለጥየቃ ሲመጣ ወዲያው አይቀመጥም። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ብሎ ይለምናል፣ እነሱ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ይላሉ፣ እንዲህ ሲግደረደሩ ቆይተው ይቀመጣሉ። ተቀመጡ ማለት ነገሩ ሊሆን ነው። ይሄን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ።

«ለልመና ነው የመጣን። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ነው» አሉ ቄስ ሞላ።

እኔ የትልቁን ሰውዬ ክብደት በዓይኔ እየመዘንኩ ነበር። «ተቀመጡ» ብል ሶፋው ይዟቸው ይወድቃል ብዬ ተውኩት።

«እሺ አባ... ሰምቻለሁ» አልኩ።

እነሱም ቆመዋል፣ እኔም ቆሜያለሁ። ቄሱ አንሶላ የለበሰውን ሶፋ አዩ፣ እኔን አዩ።

«በል እንግዲህ መምህር፣ ገብቶናል» ብለው ወጡ።

ታምኑኛላችሁ? «ተመስገን፣ ሳይወድቁብኝ ሄዱ» ነው ያልኩት!

ትርንጎ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ሽማግሌ አቁመህ ሸኘህ? አንዴ እንኳን ተቀመጡ ሳትል? አልሰጥም አልካቸው እኮ!» ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ክው አልኩ። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ሊሳፈሩ ሲሉ ደረስኩባቸው።

«አባ! ኧረ ይመለሱ! ኧረ ተቀመጡ!»

«አሁን ነው ተቀመጡ የምትለን?» አሉ ቄሱ ፊታቸውን አዙረው።

መንገደኛው ይሰማል፣ ባለባጃጁ ይሰማል። ምን ላድርግ?

«ሶፋው ተሰብሮ ነው አባ። ስትቀመጡ ይጥላችኋል ብዬ ነው። እህቴን እንዳትንቁብኝ... አፍሬ ነው።»

ቆጣ ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ።

«ታዲያ መሬት አልነበረም ልጄ?»

እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም።

ትልቁ ሰውዬ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘው። «ተቀመጡ ካለ ፈቀደ ማለት አይደለም እንዴ? ፈቅደሃል መምህር?»

«ፈቅጃለሁ!» አልኩ፣ ባጃጅ ተደግፌ፣ ጫማ ሳላደርግ። ባለባጃጁ አጨበጨበ።

ተመልሰው ገቡ። ትርንጎ ሰሌን አነጠፈች፣ ሦስቱም እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ፣ ቄሱ መረቁን። ሶፋው ማንም ሳይነካው አንሶላውን ለብሶ ዋለ።

ለአጎቴ ደውዬ ስነግረው ሊያብድ ደረሰ። «ሦስት ጊዜ ሳይመላለሱ? በአንድ ቀን? አስፋልት ላይ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስካሁን ስልኬን አያነሳም።

ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ሦስት ሽማግሌ ማስቀመጥ ያቃተኝ ሰው፣ ያን ሁሉ ሠርገኛ ላስቀምጥ ነው... አቤት አምላኬ!