ጀምሬ ልነሳ

ከአገሬ ከሐይቅ የመጣ ሰው እዚህ ወለጋ፣ ሰፈራ ጣቢያችን ድረስ ፈልጎኝ «አክስትሽ ወደ አኼራ ሄዳለች» ሲለኝ ምንጣፍ እየሠራሁ ነበር። ኢና ሊላሂ ብዬ እጄን ሰበሰብኩ።

ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከሐይቁ ዳር ደንገል አጭደን ምንጣፍ እንሠራለን፤ ገዢ ጠፍቶ ተሸክመነው የምንመለስበት ገበያ ይበዛ ነበር። ሌላው ሴት «ጨርሼ ልነሳ» ሲል አክስቴ «ጀምሬ ልነሳ» ትላለች። አንዱን እንደቋጨች የሚቀጥለውን ስንዝር ያህል ሳትጀምር ከመቀመጫዋ አትነሳም።

«ነገ ጠዋት ባዶ መሬት ካየሁ እጄ ይሰንፋል» ትለኝ ነበር። እንዲህ እያለች ስንት ዓመት ገፋች!

በዚያ ክፉ ድርቅ ግን ምንጣፎቿ ሁሉ በአንድ ገበያ አለቁ። እኔ ሞኟ «አክስቴ፣ ይኸው ቀናን!» አልኳት።

«ዝም በይ አንቺ! ሬሳ ለመጠቅለል፣ ለጀናዛ እኮ ነው የሚገዙት።»

የዚያን ዕለት ሳትጀምር ተነሳች። በሳምንቱ እኔን ለሰፈራ ጫኑኝ።

እዚህ በወር አንድ ምንጣፍ ብሸጥ ነው። ልተወው ባልኩ ቁጥር «አክስቴ ይኼኔ ጀምራለች» እያልኩ ነበር ወደ ሥራዬ የምመለሰው። ከመርዶው ወዲህ ግን አልነካሁትም።

አላህ ይዘንላት። አጠገቧ የነበራችሁ ዘመዶቼ፣ አደራችሁን፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዳግመኛ ጀምራ እንደሆነ ጻፉልኝ። እኔን ደስ እንዲለኝ ብላችሁ ግን እንዳትዋሹኝ።