የናሳሪዮ አሮጌ ሰደርያ

ናሳሪዮ ፖት ቱሪስት እየመራ በሜክሲኮዋ ደሴት በኮዙሜል ባሕር ውስጥ መጥለቅ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አየር እየተነፋ ጠላቂን የሚያንሳፍፈው ሰደርያ የትኛው ይሻላል ብሎ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። የዚያን ሰኞ ጠዋትም ከቦጎታ ለመጣችው እንግዳ ለሴኞራ ኑቢያ እንዲሁ አላት፦

"ጎንና ጎንሽን አቅፎ የሚነፋው፣ ከውሃ በላይ ስትወጪ ቀጥ አድርጎ ያቆምሻል። ከጀርባ የሚነፋው ከሥር ለመዋኘት ግሩም ነው፤ ላይ ስትወጪ ግን በግንባርሽ ሊደፋሽ ይታገላል። ለመልክሽ ሳይሆን ለገላሽ ምረጪ።"

እሱ ራሱ አቅፎ የሚነፋውን ነው የሚለብሰው፤ ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ ነገር። ምክንያቱን የሚያውቁት ሚስቱና የጀልባው ካፒቴን ኤሊሂዮ ብቻ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሥር ደንግጣ ወደ ላይ የተፈተለከች ሴት ለመያዝ አብሯት ቶሎ ወጣ፤ ከጥልቅ ቶሎ የወጣ ጠላቂ አካሉ ውስጥ አየር ይቋጠርበታልና ከሰዓት በኋላ ግራ እግሩ ደነዘዘ። ሐኪም ጋ የሄደ ጠላቂ "ተበላሸ" ተብሎ ከሥራ ይቀራል ብሎ ፈራና የተንጠለጠለ የገመድ አልጋው ላይ ተጋድሞ ውሃ እየጠጣ "ያልፋል" አለ። አላለፈም። መሬት ላይ ሲያነክስ በጫማው ያሳብባል። ባሕር ላይ ደግሞ ያ አሮጌ ሰደርያ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ከባሕር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ አንድ ቀን ከታወቀበት አለቀለት።

ናሳሪዮ የሚሠራበት የጠላቂዎች ሱቅ አዲሱ ባለቤት ዊልበርት ክፉ ልጅ አይደለም። ችግሩ ሁሉ ነገር አንድ ዓይነት ካልሆነ አይወድም። ከጀርባ የሚነፉ አሥራ ሁለት ጥቋቁር ሰደርያዎች ደርድሮ ጠበቀው።

"ዶን ናሳሪዮ፣ ዛሬ ይሞክሩት። ካልተስማማዎት ምክንያቱን ይንገሩኝና የድሮውን አስቀርልዎታለሁ።"

ምክንያቱን! ምክንያቱን መንገር እግሩን መግለጥ ነው። ናሳሪዮ አንዱን አንስቶ ለበሰው።

ከሥር ሳሉ እውነትም ግሩም ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት እግሩንም ረሳው። ሲወጡ ግን የሰሜን ነፋስ ባሕሩን አናውጦት ነበር። አስጎብኚ ከውሃው በላይ ሲወጣ መተንፈሻውን ከአፉ አውጥቶ እንግዶቹን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ጀልባው ላይም መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። ደንቡ ነው።

"አንድ! ሁለት!"

ሰደርያው ከጀርባው ገፋው። ወደ ኋላ ለመጋደም በሁለት እግር መምታት ያስፈልጋል፤ እሱ የመታው በአንዱ ነው። ወደ ግራ ተገለበጠና ፊቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ቀና አለ፣ ማዕበሉ መልሶ ደፋው። ሦስተኛው እንግዳ የጀልባው መሰላል ላይ ቆሞ ስላየው ኤሊ ያወራል። መተንፈሻውን መልሶ ቢጎርሰው ይተርፋል፤ ግን ሰደርያዎቹን ለማየት አብሯቸው የመጣው ዊልበርት ጀልባው ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ከጎረሰ ችግር እንዳለበት ይነቃበታል። አልጎረሰም።

"አራ..." ጨዋማው ውሃ ጉሮሮውን ዘጋው። ስንት ሰው ያዳንኩ ሰውዬ፣ በዚች አንድ ክንድ ውሃ ልሙት? አለ በልቡ።

ኤሊሂዮ ሞተሩን አጥፍቶ በትከሻ ማሰሪያው ጎተተው። "አንተ ሽማግሌ፣ ለዓሣዎቹ ነው እንዴ የምትቆጥረው?" ብሎ ጮኸ። ዊልበርት ሳቀ። ካፒቴኑ ግን በናሳሪዮ ጆሮ ሥር፣ "ዛሬውኑ ንገረው። አለዚያ አንድ ቀን የምጎትተው ሬሳህን ነው" አለው።

ሱቅ ሲደርሱ ዊልበርት ፈገግ ብሎ ወደ እሱ ዞረ። "እህስ፣ ዶን ናሳሪዮ?"

አሮጌው ሰደርያ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ናሳሪዮ አየው። መናገር ፈለገ፤ እውነቱን ነው፣ ፈልጎ ነበር።

"ልክክ ብሎልኛል" አለ።

"አላልኩዎትም! እንግዲያው የድሮውን ለነገው መጥለቅ ለሴኞራ ኑቢያ እንስጣት፤ ጠዋት ስትጠይቅዎት ሰምቻለሁ።"

ሴትዮዋ ደስ አላት። ማልበሱ የናሳሪዮ ሥራ ነውና እሱ ራሱ አለበሳት። የለመዳቸውን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ አጠበቀላት።

"እውነትዎን ነው፣ ያቅፋል" አለች።

"አዎ ልጄ፣ ያቅፋል።"

ኤሊሂዮ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ኮፍያውን አደረገና፣ ናሳሪዮን ሳያይ፣ "ነገ ነፋሱ ከዛሬ ይብሳል" ብሎ ወጣ።