ዋንዛዋ አይቆረጥም

የረጠበ እንጨት ጭስ ሶዶ ከተማ መሃል እንኳ ሲሸተኝ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ወዲያው ተበላ ከተማ አጠገብ የነበረው ቤታችን ይታየኛል፤ በእሳት ብርሃን ደብተር ላይ ተደፍቼ እንባዬን የምጠርግበት ቤት።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ አባቴ ትንሽ ሶላር ገዛልኝ። ሊገጥምልን ከሶዶ የመጣው ባለሙያ ግን ጣሪያችንን አየና ራሱን ነቀነቀ። በራችን ላይ ያለው ትልቅ ዋንዛ ቆርቆሮውን ቀኑን ሙሉ ያጠላበታል። "ይቆረጥ" አለ እንደ ቀላል ነገር። አባቴ መጥረቢያ ሊያመጣ ገባ።

እናቴ ሄዳ ግንዱን ተደግፋ ቆመችና ባለሙያው ላይ ጮኸች። "እናንተ የከተማ ሰዎች ናችሁ እንጨት አታንዱ፣ ዛፍ ጭሱን መልሶ ይውጣል ያላችሁን! አሁን ለዚህ መስታወት ብላችሁ ዛፍ ቁረጡ?" ስትናደድ አማርኛዋ ይሰባበር ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀባትም። "ዋንዛዋ አይቆረጥም!" አባቴ እሷን አየና መጥረቢያውን መልሶ አስቀመጠው።

እኔም የእሷው ልጅ ነኝ። ፈተናውን ከወደቅሁ ትምህርቱ ቀርቶ ትዳር ነበር የሚጠብቀኝ፤ ቢሆንም ዛፉ እንዲወድቅልኝ አልፈለግሁም። ትምህርቴ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት እንጨት በምሸከምበት ጀርባዬ ሶላሩን አዝዬ ከአጥር ውጭ ያለው ሜዳ ላይ አሰጣው ጀመር። ሌባ እንዳይወስደው አጠገቡ ተቀምጬ አነብባለሁ። ጎረቤቶች "ፀሐይ ጠባቂዋ" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ! አንድ ቀን አልቀረሁም።

ከስንት ዓመት በኋላ ሰሞኑን እዚያው የቀረው ወንድሜ እየደወለ "መብራት ገብቷል፤ ዛፉን ሸጠን ቤቱን እናድስበት" ይለኛል። አይሸጥም። መቶ ጊዜ ቢደውል መልሴ ያው ነው።

ያኔ፣ የፈተናው ዋዜማ ጠዋት መምህራችን ለክለሳ ጠሩን። እናቴ "ሂጂ፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ" አለችኝ። የገበያ ቀን ነበር፤ ቅቤዋን ሳትሸጥ ቀረች። ስመለስ በጠራራ ፀሐይ ባዶ ራሷን ተቀምጣለች። ነጠላዋን አራት አጥፋ ሶላሩን አልብሳዋለች።

"በጣም ጋለ፤ እንዳይታመምብሽ ብዬ" አለችኝ። "ሞላልሽ?"

"ጢም ብሏል" አልኳት።

ሲመሽ አምፖሉ ገና ከመብራቱ ደከመ። ለእናቴ "ዛሬ ብርሃኑ ለዓይኔ በዛ" ብዬ አጠፋሁትና ወደ እሳቱ ተጠግቼ አነበብኩ። ፈተናውን አለፍኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ቀን እሷ በጠበቀችው ፀሐይ እንዳለፍኩ ላገኘችው ሁሉ ታወራ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን አላረምኳት።