ከዘንዶ የተወለዱ አማቾች

ልጄ የምታገባውን ልጅ ወላጆች መጀመሪያ ያየኋቸው ጋርላንድ ከተማ ቤታቸው ምሳ ሲጠሩን ነው። ልጁ ፍሪስኮ ከተማ ከልጄ ጋር አንድ ቢሮ ይሠራል፤ ቤተሰቦቹ ከቬትናም የመጡ ናቸው። እሱ ላይ የማነሳው ነገር አልነበረኝም፤ ሰው አክባሪ ነው፣ ባለቤቴን ሲያናግር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሳሎናቸው ስገባ ግን ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከእንጨት የተቀረጸ ረጅም ዘንዶ ጥፍሩን ዘርግቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ የሞቱ አያቶች ፎቶ፣ ብርቱካንና የበራ ሻማ ተደርድሯል።

ዘንዶ ማለት ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰይጣን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄን «ዘንዶውን ያመልኩታል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ማሚ፣ ዲኮሬሽን ነው» አለችኝ።

ለዲኮሬሽን ማን ሻማ ያበራል?

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር እጠረጥር ጀመር። እናትየው የላኩልኝ የሻይ ቆርቆሮ ላይ ዘንዶ ስላየሁ ሳልከፍተው ጋራዥ አስቀመጥኩት። ልጄ ቪዲዮ ኮል ስታደርግ አንገቷ ላይ አዲስ ነገር አስረውላት እንደሆነ አያለሁ። ሠርጉ ላይ ለዘንዶው ያሰግዷታል የሚል ሐሳብ ገብቶብኝ አልወጣ አለ።

ለእጮኝነቱ በእነሱ ልማድ የወንዱ ቤተሰብ በቀይ ሣጥን ስጦታ ተሸክሞ፣ ተሰልፎ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ሪቻርድሰን ቤታችን ደጅ መኪኖች ተደረደሩ። በሩን ስከፍት እናትየው ከሁሉም ፊት ቆመዋል። የያዙት ሣጥን በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጨርቁ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ዘንዶ አለ። መቻል አቃተኝ። ይሄ ዘንዶ ምናችሁ ነው ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

ልጁ ተረጎመላቸው፤ እሳቸው ግን እኔን አይሰሙም። በትከሻዬ አሻግረው ሳሎናችንን ያያሉ። ፊት ለፊት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ፤ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋው። ሴትየዋ ሣጥኑን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ለልጃቸው ቀስ ብለው የሆነ ነገር ነገሩት። ልጁ ፊቱ ቀላ። ምን አሉ ስለው ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ንገራት ያለችው ልጄ ናት።

«እናቴ፣ አባታችንን ለምን ገደሉት ነው የምትለው» አለ።

በር ላይ ቆመን የምንጨርሰው ነገር ስላልነበረ ግቡ አልኳቸው። የልጁ እናት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተረኩልን፣ ልጁ ተረጎመ። የመጀመሪያ አባታቸው ከባሕር የወጣ ዘንዶ ነው፤ እናታቸው ከተራራ የመጣች፣ ሰው ያልሆነች ውብ ሴት። መቶ እንቁላል ወለዱ፤ ከእንቁላሎቹ መቶ ልጆች ወጡ። የውኃና የተራራ ሰው አብሮ መኖር ስላልሆነለት ግማሾቹን አባትየው ወደ ባሕር፣ ግማሾቹን እናትየው ወደ ተራራ ይዘው ተለያዩ። የቸገረው ሌላውን ሊጠራ ግን ቃል ተገባብተዋል። እሳቸው በልጅነታቸው በጀልባ ከአገር ሲወጡ የሚጠጣ ውኃ አልቆባቸው ነበር። እናታቸው ባሕሩን እያዩ አባታቸውን ዘንዶውን ጠሩት።

«ዘነበ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ራሳቸው። «አፋችንን ከፍተን ጠጣን።»

ዝናቡን ማን እንዳዘነበው የራሴ መልስ ነበረኝ። በተራዬ ግን የሥዕሉን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ሴት ልጅ ሊበላ የነበረውን ዘንዶ ቅዱሱ ደርሶ እንደገደለው። ተነሥተው ሥዕሉ አጠገብ ቆሙ፤ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ክንፍ አለው» አሉ በመጨረሻ። «የእኛ ክንፍ የለውም። ሌላ ነው።»

አምነውበት ይሁን ሁለታችንንም ከጭንቅ ለማውጣት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሣጥኑን ግን ተቀበልኩ።

የልጅ ልጃችን የተወለደው እነሱ የዘንዶ ዓመት በሚሉት ዓመት ነው። የአማቼ እናት በደስታ አለቀሱ፤ ከሁሉ የበለጠ ዕድለኛ ልጅ የሚወለደው በዚያ ዓመት ነው ይላሉ። እኔ ግን በአርባኛው ቀን ክርስትና አስነሣሁት። እሳቸውም ነጠላ ተከናንበው መጡ። ካህኑ ሕፃኑን ውኃ ውስጥ ነክረው እስኪያወጡት ድረስ ዓይናቸውን ከካህኑ እጅ አልነቀሉም። ምን እንደጠረጠሩ አልጠየቅኋቸውም።